ማተብ ማሰርም፣ ማተብ መበጠስም

ደሴ ላይ ለወንጌል አማኞች ወጣቶችና ለወላጆቻቸው በቃል የቀረበ ትምህርት ነው፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። የተሰጠኝ ርእስ «በእምነት መዳን» የሚል ነው። ኤፌሶን 2፥8ን አብዛኞቻችሁ በቃላችሁ ትወጡታላችሁ፤ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ብዬ ብጀምር እናንተ ትጨርሱልኛላችሁ። በቃል የሚታወቅ ነገር ደግሞ ቶሎ ጆሮ ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ ከኤፌሶን አልነሣም። ከዚህ ብዙ ከማይርቀው ከቦሩ ሜዳ ልነሣ።

በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አደረጉ። የጉባኤው አንዱ ጉዳይ የሊቃውንቱ ክርክር ነበር፤ የተዋሕዶና የጸጋ ሊቃውንት ተከራክረው ለተዋሕዶ ተፈረደ። እሱን ለባለቤቶቹ እንተወው። እኛን የሚነካን ሌላው ውሳኔ ነው፤ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ሌላው የወሎ ገዥ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የእርሳቸውን ክርስትና ምኒልክ አነሡ። ሹም የሆነው ሃይማኖቱን ወይም ሹመቱን ምረጥ ተባለ። አልጠመቅም ያለው ተሰደደ፤ እንደ ሼህ ጦልሐ መሣሪያ ያነሣም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ከአያቶቻችን ነው የሰማነው። ቀን ማተብ፣ ሌሊት ሶላት። በአደባባይ ወልደ ማርያም፣ በጓዳ ሰይድ። በአንድ ቤት ሁለት ስም፣ አንዱ ለሹም አንዱ ለፈጣሪ። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው በክርስትናቸው ጸንተው ኖረዋል፣ ቤተ ክርስቲያንም አሠርተዋል፤ ልባቸውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። የእርሳቸው ልጅ ኢያሱ ግን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ «ሰልሟል» የሚል ነበር። ክሱ እውነት ይሁን ሐሰት አሁን አልገባበትም። ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ምን እንደነበር ግን ልብ በሉ፤ ምን ለበሰ፣ ምን ጠመጠመ፣ ከማን ጋር በላ፣ የት ገብቶ ተቀመጠ።

የአዋጅ ምልክት ወሎ ላይ አልተጀመረም። ከ1434 እስከ 1468 በአውሮፓ አቆጣጠር የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሕዝቡ በግንባሩ የአብን፣ የወልድንና የመንፈስ ቅዱስን ስም፣ በእጆቹም ሰይጣንን የካደበትን ቃል እንዲጽፍ ማዘዛቸውን ዜና መዋዕላቸው ይነግረናል። ጽሑፉ መልካም ነው፤ አንድም ቃል የምቃወመው የለኝም። ግን በዚያው ዘመን ጎረቤቱን «ጣዖት ያመልካል» ብሎ አሳልፎ የሰጠውም ሰው በግንባሩ ያንኑ ስም ይዞ ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ የማነሣው የቀደሙትን ለመኮነን አይደለም። መንግሥት ሃይማኖትን በአዋጅ ሲያደርግ የወሎ ሰው ሊያየው የሚገባውን አይቷል። በምልክት መዳን እንደማይቻል የሚሰብክ ሰው ሌላ አገር ሄዶ ብዙ ማስረዳት ይኖርበታል፤ እዚህ ግን አድማጩ ግማሹን ከቤቱ ይዞት ይመጣል።

አሁን ወደ መጽሐፍ እንግባ። ጳውሎስ በሮሜ 4 ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ ስታነቡት የቀን መቁጠሪያ ጥያቄ ይመስላል። አብርሃም ጻድቅ ተብሎ የተቈጠረው መቼ ነው? ከተገረዘ በኋላ ነው ወይስ ሳይገረዝ? መልሱን ለማግኘት ግሪክኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ ዘፍጥረትን ገልጦ መቁጠር ብቻ ነው። «አብራምም በእግዚአብሔር አመነ፥ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት» የሚለው ምዕራፍ 15 ላይ ነው። ምዕራፍ 16 መጨረሻ ላይ እስማኤል ሲወለድ አብራም 86 ዓመቱ ነበር። ግዝረት የታዘዘው ምዕራፍ 17 ላይ ነው፤ ያን ጊዜ አብርሃም 99 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ሰውየው ምንም ምልክት በሥጋው ላይ ሳይኖር ቢያንስ 13 ዓመት በእግዚአብሔር ፊት ጻድቅ ሆኖ ኖሯል። ያን ጊዜ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ከከነዓናዊው ለይቶ የሚያውቅበት ነገር አልነበረም።

ግዝረቱስ ለምን መጣ? ጳውሎስ ማኅተም ነው ይለዋል፤ አስቀድሞ የነበረውን የእምነት ጽድቅ የሚያትም። ማኅተምን እናውቃለን። ቀበሌ ሄዳችሁ ባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም አስመትታችሁ ብትወጡ ያ ወረቀት የቤት ካርታ አይሆንም፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አይሆንም። ማኅተሙ እውነተኛ ነው፣ ቀለሙም ደማቅ ነው፤ የሚያጸናው ቃል ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ቃሉ የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ ማኅተሙ ቢዘገይበትም ቃሉ ቃል ነው፤ የአብርሃም 13 ዓመት ይህ ነው። እንግዲህ ጳውሎስ ማኅተሙን አልናቀውም፤ ሳይጻፍ መታተምን ነው የተቃወመው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምልክቱ ራሱ ከእግዚአብሔር የመጣ ሲሆንስ? ሰው የፈጠረውን ምልክት መተቸት ቀላል ነው። ዘኍልቍ 21ን አስታውሱ። ሕዝቡ በእባብ ተነድፎ ሲሞት እግዚአብሔር ራሱ ሙሴን «እባብን ሠርተህ በዓላማ ላይ ስቀል» አለው። ሙሴ የናስ እባብ ሠራ፤ የተነደፈው ሁሉ አይቶ ዳነ። ይህ ምልክት የእግዚአብሔር ትእዛዝ አለው፣ የነቢይ እጅ አለበት፣ በሺህ የሚቆጠር የዳነ ሰው ምስክር አለው። በዓለም ላይ ከዚህ የተሻለ የምስክር ወረቀት ያለው ቅርስ ታገኛላችሁ?

ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ። 2ኛ ነገሥት 18፥4 ላይ ያው እባብ እንደገና ይመጣል። ሕዝቡ ጠብቆ አቆይቶታል፣ ያጥንለታልም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው። ስሙንም ነሑሽታን አለው፤ ናስ ነው ማለቱ ነው። ቅርስ አጠፋ ብሎ የሚከሰው የመጽሐፍ ቃል የለም፤ ይልቁንም በፊቱም በኋላውም እንደ እርሱ ያለ በእግዚአብሔር የታመነ ንጉሥ በይሁዳ አልነበረም ይላል።

ዕጣኑ መቼ እንደ ተጀመረ መጽሐፉ አልነገረንም። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይጀመርም። የመጀመሪያው ትውልድ እባቡን ያየው በእግዚአብሔር ቃል ነው፤ «የሚያየው ይድናል» ተብሎ ነበርና ማየታቸው ቃሉን ማመን ነበር። ልጆቻቸው ታሪኩን ሰሙ። የልጅ ልጆቻቸው እባቡን ወረሱ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ቃሉን ሳይሰማ እባቡን ብቻ አገኘ። ጌታችን ዮሐንስ 3 ላይ ከኒቆዲሞስ ጋር ሲነጋገር ይህንኑ እባብ ያነሣል፤ ናሱን ፈልጉ አላለም፣ የሰው ልጅ እንዲሁ ሊሰቀል ይገባዋል፣ ያመነበት ሁሉ የዘላለም ሕይወት እንዲኖረው፣ አለ እንጂ። ሕዝቅያስ የሰበረውን ታሪክ ጌታ አነሣው። ናሱ ጠፋ፣ ቃሉ ግን እስከ ዮሐንስ 3 ደረሰ።

በ1ኛ ሳሙኤል 4 ያለውንም በአጭሩ ልጥቀስ። እስራኤል በፍልስጥኤማውያን ፊት ተሸንፎ አራት ሺህ ያህል ሰው ወደቀበት። ሽማግሌዎቹ ለምን ተሸነፍን ብለው ጠየቁ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ግን ከንስሐ ሳይሆን ከሴሎ ታቦቱን በማምጣት ፈለጉት፤ እርስዋ ታድነን ዘንድ ብለው። ታቦቱ መጣ፣ እልልታው ምድርን አናወጠ፣ በሚቀጥለው ውጊያ ሠላሳ ሺህ እግረኛ ወደቀ፤ ታቦቱም ተማረከ። ታቦቱ እውነተኛው ታቦት ነው፤ ጽላቱም በውስጡ ነበር። በጽላቱ ላይ የተጻፈውን ግን የዔሊ ልጆች በየቀኑ ይሽሩት ነበር።

እስካሁን አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ላይ ፈገግታ አያለሁ። «ልክ ነው፣ ንገራቸው» የሚል ፈገግታ ነው። አብሽሩ፣ አሁን ወደ እኛ ልመለስ ነው።

ኦርቶዶክስ ጎረቤታችሁን ማተብ ያድናል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። ካህኑን ብትጠይቁት አያድንም ይላችኋል፤ ማተብ የክርስትና ምልክት ነው፣ መዳን በክርስቶስ ነው ይላል። የእነርሱ ትምህርት በጥምቀትና በቁርባን፣ በሰባቱ ምሥጢራት ጸጋ ይሰጣል የሚል ነው፤ እዚያ ላይ ከእኛ ጋር ልዩነት አለን፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው፣ እንደሌለ አድርጌ አልናገርም። ነገር ግን ሰውየውን የእርሱ ያልሆነ ትምህርት አሸክሞ ማሸነፍ ወንጌል መስበክ አይደለም። መስከረም 21 አምባሰልን ይዞ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣው ሕዝብ የመስቀል ቅርጽ ያለው ተራራ ያድነኛል ብሎ ነው የሚወጣው ብሎ መደምደምም እንደዚሁ ነው። ከዚያ ሕዝብ መካከል ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ክርስቶስን የሚጠራ አለ፤ ተራራውን ብቻ የሚቆጥርም አለ። በእኛ አዳራሽም ሁለቱ አሉ።

የእኛ ማተብ የትኛው ነው? ልዘርዝርላችሁ ብል ይመሻል። አንዱ ለምሳሌ እጅ ማንሣት ነው። በሆነ ቀን በሆነ ስብሰባ እጁን ያነሣ ሰው «ጌታን ተቀብሏል» ተብሎ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ወንጌል ከፍቶ ባያነብ ማንም አይጠይቀውም፤ እጁን አንሥቷልና። ሌላው ቡና አለመጠጣት፣ ጠጅ አለመቅመስ፣ ዘፈን አለመስማት ነው። ከእነዚህ መልካም የሆኑ አሉ፤ የጽድቅ መለኪያ ሲሆኑ ግን ክር ሳይኖራቸው አንገት ላይ ይታሰራሉ።

ከሁሉም ያስቸገረን አዲሱ ነው። ነቢይ ነኝ የሚል ሰው መድረክ ላይ ይወጣና የአንዱን ስልክ ቁጥር፣ የሌላውን የእናት ስም ይናገራል። አዳራሹ በጩኸት ይሞላል። ቀጥሎ የተጸለየበት ዘይት ይሸጣል፣ ውሃ በጠርሙስ ይሸጣል፣ «ዘር ዝሩ» ይባላል። ጸበል ቀድቶ በጀሪካን የሚወስደውን አያቱን ሲነቅፍ የነበረ ወጣት ያንን ጠርሙስ ገዝቶ ሱቁ ውስጥ ይረጫል። እኔ በበኩሌ አያትየውን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ስለ ጸበሉ ገንዘብ አላስከፈሉትም፣ ጾመውም ነው የሄዱት።

«ግን እኮ የተናገረው ልክ ነበር፤ ስልክ ቁጥሩ የኔ ነው!» ይሉኛል። ይሁን፣ ልክ ነበር እንበል። ዘዳግም 13 የተጻፈው ለዚሁ ነው። ነቢዩ የሰጠው ምልክት ቢፈጸም እንኳ፣ ተመልከቱ ቢፈጸም እንኳ ነው የሚለው፣ ትምህርቱ ወደ ሌላ አምላክ የሚመራ ከሆነ አትስሙት ይላል። ምልክቱ መፈጸሙ ሰውየውን አያስመሰክርለትም። በማቴዎስ 7 ላይም በስምህ ትንቢት ተናግረናል፣ አጋንንት አውጥተናል፣ ተአምራት አድርገናል የሚሉ ሰዎች በመጨረሻው ቀን ይቆማሉ። ጌታ ተአምራቱ ሐሰት ነበር አላላቸውም። ከቶ አላወቅኋችሁም ነው ያላቸው።

የሀብታሙንና የአልዓዛርን ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሀብታሙ በሥቃይ ሆኖ ለአምስት ወንድሞቹ ከሙታን አንድ ሰው እንዲላክላቸው ለመነ። ከዚህ በላይ ምልክት ምን አለ? አብርሃም የመለሰለት ሙሴና ነቢያት አሏቸው፣ እነርሱን ይስሙ፤ እነርሱን ባይሰሙ ከሙታን አንድ እንኳ ቢነሣ አያምኑም ብሎ ነው። ይህ ቃል በሉቃስ 16 በተነገረ ጊዜ ገና ያልሆነ ነበር፤ በኋላ ከሙታን የተነሣው ራሱ ተናጋሪው ሆነ፤ ያላመኑትም አላመኑም።

ስለዚህ ርእሳችን በእምነት የሚል ቢሆንም እምነት ከምን ይመጣል የሚለውን ሳንጨምር አይቆምም። ከመስማት ነው፤ መስማትም በእግዚአብሔር ቃል ነው። በሐዋርያት ሥራ 8 ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ ሰግዶ ይመለስ ነበር። የህንደኬ ባለሟል ነው፤ ሠረገላ አለው፣ ገንዘብ አለው። ከዚያ ሁሉ ጉዞ ተመልሶ በሠረገላው ላይ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነባል፣ አይገባውም። ፊልጶስ ሮጦ ደርሶ የጠየቀው «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ነው። ስግደቱን አልነቀፈበትም፤ ስለ ኢየሩሳሌም አንድም ነገር አላነሣም። ከዚያ ከኢሳይያስ 53 ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከለት። ውሃው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቃል፣ ቀጥሎ እምነት፣ ቀጥሎ ምልክት፤ እንደ አብርሃም። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ደግሞ ሦስተኛው ላይ ለመድረስ ጊዜም አላገኘም፤ እጁም እግሩም ተቸንክሮ ነበር፤ ገነት ግን ገባ።

«ይህ ትምህርት የፈረንጅ ነው» ለሚለን ሰው ጃንደረባው በቂ መልስ ነው። ቢጨምርልኝ ካለ ደግሞ በ1534 በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር መነጋገሩ የታወቀ ነው። ሉተርም በሃይማኖት የሚያስማማ ብዙ ነገር እንዳገኘበት መስክሯል። ሁለቱ በቋንቋ እንደልብ አልተግባቡም፤ ስለዚህ ከዚያ ስብሰባ ብዙ ትርፍ ለመሰብሰብ አልሞክርም።

ይልቅስ የራሳችን አገር ያለው ይበልጣል። ከዚህ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ተምረው የሚያስተምሩ መነኮሳትን አፍርተዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። የኢየሱስ ሞዓ የሚባለው የብራና አራት ወንጌል በ1280 ወይም 1281 በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ወሎ የወንጌል መጽሐፍ አገር የሆነው ከእኛ ስብሰባ ሰባት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ይህን የረሳ የወንጌል አማኝ ቢኮራ ትዝብት ነው። የጎደለው ለባላገሩ የሚገባ ቋንቋ ነበር። እሱን አቡ ሩሚ የሚባሉ የአገራችን ሰው ካይሮ ተቀምጠው ወደ አማርኛ መለሱት፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 በአውሮፓ አቆጣጠር ለንደን ታተመ። እኛ ዛሬም በቃላችን የያዝነው ትርጉም ደግሞ በ1954 ዓ.ም. የወጣው ነው።

አሁን መጽሐፉ በየኪሳችን፣ በየስልካችን ነው። እዚህ ላይ የምፈራው ነገር አለ። ወሎ የክታብ አገር ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያስራል። መጽሐፍ ቅዱስም ክታብ ይሆናል። ሕፃን እንዳይደነግጥ ትራስ ሥር ይደረጋል፣ እንዳይገለበጥ መኪና መስታወት ሥር ይቀመጣል፣ መዝሙር 91 ተቀንጭቦ በር ላይ ይለጠፋል። ጌታ በዮሐንስ 5 ላይ መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሰዎችን እንኳ ወቅሷል፤ «እነርሱም ስለ እኔ የሚመሰክሩ ናቸው፤ ነገር ግን ሕይወት እንዲሆንላችሁ ወደ እኔ ልትመጡ አትወዱም» ብሎ። የሚመረምሩት እንዲህ ከተባሉ ትራስ ሥር ያስቀመጥነው ምን እንባል ይሆን? «በመጽሐፍ ብቻ» ብለን ስንፎክር መጽሐፉን ተከፍቶ ማለታችን መሆኑን እናስብ።

ያዕቆብን ሳላነሣ ብወርድ ትከሱኛላችሁ። አጋንንትም ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል። ያ እምነት አያድንም፤ እርግጥ ነው። እነርሱ እግዚአብሔር አንድ መሆኑን ያውቃሉ እንጂ በእርሱ አልታመኑም። ኤፌሶን 2ም ስምንትና ዘጠኝ ላይ አያልቅም፤ ዐሥር ላይ ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል። የጎረቤት ቅሬ ላይ ሰው ሲሞት የማይገኝ፣ መቃብር የማይቆፍር፣ «እኔ በእምነት ድኛለሁ» የሚል ሰው ካለ ያዕቆብ ለእርሱ ነው የጻፈው። ገላትያ 5፥6 ሁለቱንም በአንድ መስመር ይዞታል፤ «በፍቅር የሚሠራ እምነት እንጂ መገረዝ ቢሆን ወይም አለመገረዝ አይጠቅምምና።» ወይም አለመገረዝ የምትለዋን ሳታልፉ አንብቡ። የገላትያ ሰዎች ባለመገረዛቸው እንዲመኩም ጳውሎስ አልፈቀደላቸውም። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመጣ ማተብ ማሰር አይጠቅምም፤ ማተብ መበጠስም አይጠቅምም።

ይህን ስል በጥያቄ ሰዓት አንድ እናት ተነሡ። ልጃቸው ባመነ ማግስት ማተቡን በአባቱ ፊት በጥሶ ጣለ፤ ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አይነጋገሩም። «እኔስ ምን ላድርግ? የኔንም ልበጥሰው?» አሉኝ።

እናቴ፣ ስለ እርስዎ ማተብ የምሰጠው ትእዛዝ የለኝም። ክርስቶስን ብቻ ታምነው እያለ አንገትዎ ላይ ክር ቢኖር ክሩ አይኰንንዎትም፤ እርሱን ሳያምኑ ቢበጥሱት ባዶ አንገት ይዘው ይቀራሉ። ልጅዎን ግን እናገረዋለሁ፣ እዚሁ ተቀምጧልና። አባትህ ያንን ክር ያሰረልህ በተጠመቅህበት ቀን ነው፤ ለእርሱ ልጄን ለእግዚአብሔር ሰጠሁ ያለበት ነው። በፊቱ በጥሰህ ስትጥለው የነገርኸው ክርስቶስን አገኘሁ የሚል ወሬ አልነበረም። አንተን ጣልሁህ ብሎ ነው የሰማህ። ዛሬ ማታ ሂድና ስለ አበጣጠስህ ይቅርታ ጠይቅ፤ ስላመንኸው ይቅርታ አትጠይቅም። ከፈቀደልህ ዮሐንስ 3ን አንብብለት። የናሱን እባብ ታሪክ ከአንተ በፊት ያውቀዋል፤ እርሱ ይንገርህ፣ አንተ ስማ። አትከራከር።

የሥጋውን ጥያቄ፣ የእስላም ሥጋ ብንበላ የክርስቲያን ሥጋ ብንበላ ምን አለበት ብላችሁ የጻፋችሁልኝ፣ እንዲሁም የጾሙን ጥያቄ ያነሣችሁ ለሚቀጥለው እሑድ አቆዩልኝ። ሮሜ 14ን በሙሉ እናነባለን፤ መጽሐፍ ቅዱስ የሌላችሁ በር ላይ ካሉት ወንድሞች ተዋሱ፣ ስታነቡበት ከርማችሁ ይዛችሁ ትመጣላችሁ።